ነጩ አቧራ ከየት መጣ?

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ በቀደም ዕለት ጉድ ሆኛለሁ። በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ ስመክራችሁ የኖርኩት ሴትዮ፣ እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ያለው ቤቴ አንድ የተከበሩ ቄስ መጡና ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ተነሥተው ሲወጡ ጥቁር ካባቸው ከኋላው በአቧራ ቀልቷል። የሶፋዬ አበባ ሳይቀር ታትሞባቸዋል! ልናገር ብል አፈርኩ። «በሰላም ይግቡ አባታችን» ብዬ እንደዚያው ታክሲ አሳፈርኳቸው።

ይህን ለጎረቤቴ ለኤዶም ስነግራት እንደ ሌላው ሰው አልሳቀችም። «አቧራ እኮ ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አለው» አለችኝ። ኤዶም እዚህ ካምፓላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየር ኬሚስትሪ የምታጠና ልጅ ናት። ወሬ ወሬን ሲያነሣው ጊዜ ከጋሽ ወልደየስ ጋር የተጻጻፈችውን አስነበበችኝ። ጋሽ ወልደየስ የእናቷ የአጎት ልጅ ናቸው። ልጅ ሆና ከገጠር መጥታ ደጀን ስትማር ያኖሯት እሳቸው ናቸው። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ ስልክ አይወዱም፤ «በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው» ይላሉ አሉ። እሷም የራሷን ከመላኳ በፊት በስልኳ ፎቶ እያነሣች ታስቀራለች። ሁለቱም እንዳወጣው ፈቅደውልኛል። የቤተሰቡን ገመና ቆርጬዋለሁ፤ ያው ለብቻዬ አንብቤዋለሁ።

*

ካምፓላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ወልደየስ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ከድካሙ በቀር ደኅና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ጭጭ ማለቴን በክፋት እንዳያዩብኝ። ኮሮና ገብቶ መንገዱም አውሮፕላኑም ሲዘጋ ደብዳቤ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።

ምን እንደማጠና ጠይቀውኝ ነበር። የአገርዎ ልጅ እትዬ ገንዘቤ እዚህ ምግብ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ አላት። ጣሪያዋ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ስለሆነ አንዲት ማሽን እዚያ አስቀምጫለሁ። ማሽኗ ቀን ከሌት አየር እየሳበች አቧራውን ወረቀት ላይ ታስቀርልኛለች፤ እኔ ወረቀቱን ላቦራቶሪ ወስጄ ምን እንዳለበት አያለሁ። የዚህ አገር አቧራ ቀይ ነው፤ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ እንደ በርበሬ ይነሣል።

ሰው አቧራ ሲባል አፍንጫ የሚያፍን ነገር ብቻ ይመስለዋል። ግን ጋሼ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈች እያንዳንዷ ብናኝ እንደ ጠላ ቤት ናት። ከመኪና ጭስ የወጣው ጋዝ ብቻውን ሲዞር ይውልና እሷ ዘንድ ሲያርፍ ከሌላው ጋር ይገናኛል፣ ይጣላል፣ ይጋባል፤ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ነው። አንዳንዷ ብናኝ አየር ውስጥ ያለውን አሲድ ትውጣለች። አንዳንዷ ፀሐይ ትጋርዳለች፤ ፀሐይ ሲደክም ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚፈጠረው መርዘኛ ጋዝ ይቀንሳል። የአቧራው ዓይነት ከተለወጠ የምንተነፍሰው አየርም ይለወጣል ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ፣ በበጋ ከሰሜን በረሃ የሚነሣው አቧራ እዚህ ድረስ መጥቶ የካምፓላን አየር ይለውጣል ወይ የሚል ነው።

ግን ማሽኗ ታማብኛለች። መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ታስላለች፣ ታቃስታለች፣ ከዚያ ቀጥ። የነጻ ትምህርት ዕድሌ በሚመጣው ክረምት ያበቃል። የዚህን በጋ ወረቀት ካልሰበሰብኩ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ሁሉ ዓመት አባክኜ ባዶ እጄን እመጣለሁ። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ኤዶም

*

ደጀን፣ ኅዳር 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤዶም፤

የዓባይን በረሃ በሰላም የሚያሻግር አምላክ አንቺንም ካሰብሽው ያድርስሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን እኔ ሳልጠይቀው አንቺ ስለጠየቅሽው ሰላም ብሎሻል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠላ ቤቱን ወድጄዋለሁ። በአንድ ብናኝ ላይ ይህ ሁሉ ጉድ ካለ፣ እኛ ከባድ መኪና መንገድ ዳር የኖርን ሰዎች ስንቱን ሠርግ ተንፍሰነዋል!

የማሽንሽ ሕመም አሳዘነኝ። ጉልበቴን በጨርቅ ጠፍሬ ገደሉ ሥር ወዳለችው ደብር ወረድኩ። መውረዱስ ወረድኩ፤ መውጣቱን አታንሺብኝ። አባ መርዕድን ለምኜ እምነት ሰጡኝ፤ ያን ለታመመ የሚቀባውን፣ በውኃ የሚጠጣውን የተባረከ አፈር። «ለማነው?» ቢሉኝ «ለአንዲት ለሚያስላት» አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም። አንድ ከረጢት ሞሉልኝ።

ለአንቺ ብልከው መጽሐፍሽ መካከል ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ተሻለ በሚባል ወደዚያ በሚመላለስ ነጋዴ እጅ ለገንዘቤ ነው የላክሁት። ምን እንደምታደርግበት ለእሷ ጽፌላታለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ሌላውን ለእኛ ተዪው።

ወልደየስ

*

ካምፓላ፣ የካቲት 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደየስ፤

የጾሙን ወራት በጤና ያስፈጽምዎ። ዛሬ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፍልዎ፤ በደስታ ነው፣ አይደንግጡ።

አገኘሁት ጋሼ! በቀዩ አቧራ መካከል ነጭ ብናኝ አገኘሁ። የካምፓላ አፈር ብረት የበዛበት ነው፣ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። ይህቺኛዋ ግን ኖራ ናት፤ በዚያ ላይ ከመኪናው ጭስ የመጣውን አሲድ ጠጥታ ጨው ሆናለች። እንዲህ ያለች ብናኝ ከአየሩ እርጥበት እየሳበች ታብጣለች፣ ለደመና ዘር ትሆናለች፤ አየሩንም ከአሲዱ ትንሽ ታሳርፈዋለች። የነፋሱን ካርታ ሳየው በዚያው ሰሞን ከሰሜን ይነፍስ ነበር። በረሃው እዚህ ድረስ መጥቷል ማለት ነው!

አስተማሪዬ ዶክተር ናሙሊ እምብዛም የማታመሰግን ሴት ናት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ምሳ በልተሻል?» አለችኝና ማቶኬ የሚሉትን የዚህን አገር የሙዝ ገንፎ ጋበዘችኝ። የእሷ ምስጋና ይኸው ነው።

ማሽኗም ተሽሏታል። እምነቱን እትዬ ገንዘቤ ተረክባለች።

ኤዶም

*

ደጀን፣ መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤዶም፤

እልል ብዬ አነበብኩት። ማኅበሩ የእኔ ተራ ነበርና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ደብዳቤሽን አሰማሁ። ሥዩምን ታውቂዋለሽ፣ ያ ነገር ሁሉ የሚቃወም ጎረቤቴ፤ እሱ እንኳ «እኛ አቧራ ስንጠርግ ኖርን፣ ልጅቷ በአቧራ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ ጽዋውን አነሣልሽ። የገበያው ሰው ሁሉ እያስቆመኝ ይጠይቀኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የትምህርት ቤቱ መምህራን ለተማሪዎች እንድነግር ጠርተውኝ ሄድኩ።

አሁን የምፈልገው ፎቶግራፍሽን ነው፤ ከማሽኗ ጋር ቆመሽ። ፍሬም አስገብቼ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ስለ እምነቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ። ተረከበች አልሽ፤ ከዚያስ? ማሽኗ የተሻላት መቼ ጀምሮ ነው? አባ መርዕድ በተገናኘን ቁጥር «ያቺ የሚያስላት እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ወልደየስ

*

ካምፓላ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደየስ፤

እንደምን ከረሙ? እዚህ እንደገና ቤት ዝጉ ተብለን ነበርና ዘገየሁ። ፎቶውን ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እምነቱ ከየት ነው የሚወጣው? አመድ ነው ወይስ አፈር? ቀለሙስ?

ስለ ነጩ ብናኝም ለጊዜው ለሰው ባይነግሩልኝ።

ኤዶም

*

ደጀን፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤዶም፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። የአገሩ ወሬ ብዙ ነው፤ አላበዛብሽም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አመድ አይደለም፣ አፈር ነው። ከደብሯ በታች ካለው ገደል ይቆፈርና በድንጋይ ይደቅቃል። እንደ ዱቄት ነጭ ነው። ልጆች ሆነን ሎሚ እየጨመቅንበት አረፋ ሲደፍቅ እያየን እንስቅ ነበር፤ ዲያቆኑ በአርጩሜ እስኪያባርረን።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕድሜዬን በሙሉ ደብዳቤ ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። የነሐሴው ደብዳቤሽ ቀለለብኝ። ሰው ብዙ ነገር ሲኖረው ነው እንዲህ አጭር የሚጽፈው። ምን ሆነሻል? ስለ ምን ጠየቅሽኝ?

ወልደየስ

*

ካምፓላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደየስ፤

ከመጻፌ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት አልነግርዎትም። ደክሞኛል ጋሼ።

በሚያዝያ ዝናቡ መጣ፣ ነፋሱም ከሐይቁ በኩል መንፈስ ጀመረ። ያኔ የበረሃው አቧራ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። ዶክተር ናሙሊ «አስደናቂ ነው» አለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ነጩ ብናኝ በየቀኑ አይመጣም፤ በወር አንዴ ይመጣል፣ ሰንበት ብሎ ይጠፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ስጽፈው መልክ የለውም፤ አንዴ ሃያ አንድ፣ አንዴ ሃያ፣ አንዴ ዐሥራ ዘጠኝ። አንድ ቀን ሳላስበው በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩት። ታኅሣሥ 12። ጥር 12። የካቲት 12። ሁሉም ሚካኤል!

ነፋስ ሚካኤልን አያከብርም ጋሼ።

ኩሽና ገብቼ እትዬ ገንዘቤን ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እትዬ፣ የሚካኤል ዕለት ጣሪያው ላይ ትወጫለሽ እንዴ?»

«እወጣለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ምን ላደርግ ነው፣ እስክስታ ልወርድ? እምነቱን ነዋ! በአራቱም ማዕዘን ብትን ብትን አደርጋለሁ፤ ከዚያ ለራሷ ለማሽኗ ትንሽ በአፏ።»

«በአፏ!»

«እና በምኗ ልስጣት? እያሳላት! ደግሞ ከዚያ ወዲህ አስላ ታውቃለች? አታውቅም። እምነት የለሽም አንቺ ልጅ።»

እውነት ነው፣ ከዚያ ወዲህ አስላ አታውቅም። መብራቱን የሚያስተካክል ዕቃ ስለገዛሁላት ነው ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሽንኩርቱን አብሬያት ከተፍኩ፤ ለማልቀስ ተመቸኝ።

ማሽኗ በወር የምትሰበስበው አቧራ ከጥፍር ሥር የሚገባ ያህል ነው፤ ለእሷ አንድ ቁንጥር እምነት ተራራ ነው። በረሃው አልመጣም። የመጣው ደጀን ነው።

ዶክተር ናሙሊ እስካሁን አታውቅም። በጥር ሙንዮንዮ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ከየአገሩ ሊቃውንት ይመጣሉ። እዚያ በምናቀርበው የነጩ ብናኝ ጽሑፍ ላይ የእኔን ስም ከራሷ ስም አስቀድማዋለች። ነጻ ትምህርቱ ክረምት ላይ አልቋል፤ ይህ ጽሑፍ ካለፈ ግን ዲግሪዬን ይሰጡኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። የሚካኤልን ቀን የሚያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም።

አስቀድሜ ለእርስዎ የጻፍኩት አፈሩ የእርስዎ ስለሆነ ነው። ያንን ገደል ለእኔ ብለው ወርደው የያዙትን ነገር «ሥራዬን አበላሸብኝ» ብዬ ለመናገር አቅም አጣሁ። ምን ላድርግ?

ኤዶም

*

ደጀን፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤዶም፤

ገንዘቤን አትቆጫት። ያዘዝኳት እኔ ነኝ። በአፏ ስጪያት ግን አላልኩም፤ እሱን ከራሷ ነው የጨመረችው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማኅበሩ ሊደርስ ሲል ነው። ሄጄ እንደ ቀድሞው ሰው ሁሉ መካከል ቆምኩ። «የበረሃ አቧራ ነው ብዬ የነገርኳችሁ የእኛው የገደል አፈር ነው፤ የላክሁትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያ ሥዩም «በል እንግዲህ፣ ደጀን ያለ ፓስፖርት ካምፓላ ገባች በለና!» አለኝ። ሳቁ። ሳቃቸው አልጎዳኝም፤ ጥቂት ቀን ተኛሁ እንጂ። መምህራኑ ዘንድም ሄጄ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። እሱ ከማኅበሩ ባሰ፤ ልጆች አይስቁም፣ ዝም ብለው ያዩሻል።

አባ መርዕድንም ጠየቅኋቸው። «እምነት ለታመመ ነው እንጂ በሐሰት ለማስመስከር አይደለም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ሌላ አልጨምርብሽም።

እኔ ተናግሬአለሁ። ተራው ያንቺ ነው።

ወልደየስ

*

ካምፓላ፣ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደየስ፤

የእርስዎን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ዶክተር ናሙሊ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው።

«ያ አፈር ይበላል?» አለችኝ።

«ለታመመ ሰው በውኃ ይሰጣል።»

«የእኔ አያት ቦርሳዋ ውስጥ አፈር አታጣም ነበር። ኦዊኖ ገበያ ይሸጣል፤ እርጉዝ ሴት ትልሰዋለች» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከክረምት።»

«ከክረምት» ብላ ደገመችው። ያ ቃል ጋሼ፣ ከስድብ ይከፋ ነበር።

ጽሑፉን ከጉባኤው አወጣችው። ሙንዮንዮ ሄዳ ለጽሑፉ ተይዞ በነበረው ሰዓት ቆማ «ስሕተት አግኝተንበታል» ብላ ተናገረች፤ እኔን አልወሰደችኝም። ዲግሪው ተላልፏል። ሌላ በጋ ሙሉ እንደገና መሰብሰብ አለብኝ፤ ነጻ ትምህርት የለም፣ ድጎማ የለም። እትዬ ገንዘቤ በሐዘን ልትሞት ደርሳ ነበር። «የክፍልሽን ኪራይ አትከፍይም፤ ጠዋት ጠዋት ሂሳብ ትይዢልኛለሽ» ብላኛለች። ሁለታችንም ስለ ማሽኗ አናነሣም።

ከሳምንት በኋላ ዶክተር ናሙሊ ጠራችኝ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች። «ከየትም ይምጣ፣ ይህ ነጭ ብናኝ የካባላጋላን ጭስ አሲድ ጠጥቷል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ዓይናችን እያየ የሆነ ነገር ነው» አለች። ቀዩ አፈር የማይችለውን ነጩ ምን ያህል እንደሚችል በላቦራቶሪ መለካት ትፈልጋለች። የምሠራውም እኔ ነኝ። ለዚህ ግን ያው አፈር ያስፈልጋል፤ ከዕጣን አመድ፣ ከሰም፣ ከማንኛውም ነገር ያልተቀላቀለ፣ ከመሬቱ እንደወጣ። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት። «ያልተባረከውን ይላኩልን» ነው ያለችው።

እንዴት እንደምጠይቅዎ ስለማላውቅ እንዲሁ ጠየቅሁ።

ኤዶም

*

ደጀን፣ መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤዶም፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። በጋው ሌላ በጋ ይወልዳል። ገንዘቤም ትጽናና፤ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ።

አስተማሪሽን ወድጄአታለሁ። ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ አሳጣኝ። ያልተባረከ አፈር! ከዚያ ገደል ላይ የቱ ነው የተባረከው፣ የቱ ነው ያልተባረከው? ሁሉም አንድ ነጭ ነው። አባ መርዕድ ማለዳ ወጥተው እጃቸውን ሲዘረጉ በረከቱ የቱ ድንጋይ ላይ ደርሶ ነው የሚቆመው? ሥዩምን ባማክረው «ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቆፍር፤ እዚያ የሚያስሩት አህያ ብቻ ነው» አለኝ። አንዳንዴ ከእሱም ቁም ነገር ይወጣል።

ለአባ መርዕድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በጣም ተቆጡ። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ «ሳልባርክ እንዳሳልፍህ ከፈለግህ በእኔ በኩል አትምጣ፤ በታች በኩል ዙር» አሉኝ። በታች በኩል ደግሞ መንገዱ ለጉልበቴ ክፉ ነው። ቢሆንም ነገ ከሥዩም ጋር እንወርዳለን። ንጹሕ ከረጢት አጥቤ አስጥቻለሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ መንገዱ አይደለም፣ እጄ ነው። ዕድሜ ልኬን ማንኛውንም ነገር ሳስር፣ ሳሽግ፣ ሳነሣ አማትቤበት ነው የኖርኩት፤ ሳላስበው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሥዩም ይቆፍራል፣ ሥዩም ያስራል፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ። ከገደሉ ስወጣ ከምንም በፊት ተቀምጬ የሆነውን እጽፍልሻለሁ። እጄ ካመለጠኝም ያመለጠኝን አልደብቅሽም።

ወልደየስ